ከግድግዳው ወዲያ ያለው ቴሌቪዥን

አባቴና ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ለሠላሳ ዓመት ሰፈሩን ያስቀና ጓደኝነት ነበራቸው። ከዚያ የልብስ ሰፊው ሚስት ሞቱ። አባቴ የሙስሊም ቀብር እንደማይቆይ እያወቀ፣ ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዞት፣ የመቃብር ቦታው በር ላይ ሲደርስ አፈር አልብሰው ጨርሰው ነበር። ገብቶ ቢያለቅስ ምን ነበረበት? አፍሮ ከበሩ ተመለሰ። በዚያው ኀፍረት ለቅሶ ቤትም ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ተኳረፉ። ግትሮች ናቸው፤ የጋራው ግድግዳ ግን ጭቃ ነው፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል።

ባለፈው ክረምት ስለ ሁለት የተኳረፉ ሽማግሌዎች የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ተጀመረ። ብቻቸውን የቀሩት ልብስ ሰፊም ያዩታል። የእሳቸው ቴሌቪዥን ከእኛ ትንሽ ስለሚቀድም፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ከግድግዳው ውስጥ ይናገራሉ፤ ከዚያ የእኛዎቹ ያንኑ ይደግሙታል። እኔን ፀጉሬን ያቆመው ነበር። አባቴ ግን ደስ ይለዋል።

"እሱም እያየ ነው። እነዚህ ሲታረቁ እኔም ሄጄ አንኳኳለሁ" ይለኛል።

እርቅህን ደራሲ እስኪጽፍልህ ትጠብቃለህ? እላለሁ በሆዴ።

አንድ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ፣ እኛ የራሳችንን ሳንከፍት ግድግዳው ወዲያው ማውራት ጀመረ። ቀጥሎ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ልብስ ሰፊው አዛን ሲሰሙ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሳያጠፉ ቀርተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን የማስታወቂያው ሳቅ ከአዛኑ ጋር እየተደባለቀ ቀጠለ። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይሄ ሰው ደህና አይደለም" አለኝ።

በራቸው ገርበብ ብሏል። ልብስ ሰፊው ከአልጋው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል፤ ዐይናቸው እንደተከፈተ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ይመላለስበታል። ሞተዋል ብዬ ጮህኩ። ዐይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ የባሰ ፈራሁ።

አባቴ ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ። "ይቅር በለኝ ወንድሜ። ቀብሩ ላይ መጥቼ ነበር። ስላረፈድኩ አፍሬ ነው የተመለስኩት።"

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አባቴ በገዛ ለቅሶው ምንም አልሰማም። "ምን አለ? ምን አለኝ?" ብሎ ዞረብኝ። እኔ ጆሮዬን አፋቸው ላይ አድርጌ ነበር። ትንፋሽ ብቻ ነው የሰማሁት።

"'ይቅር ብዬሃለሁ' አሉህ" አልኩት።

ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፉ። አባቴ በዚህ ቀብር ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። አሁን ለመጣው ሰው ሁሉ ጓደኛው ይቅር እንዳለው ይናገራል፤ "ይሄው፣ በጆሮው ሰምቷል" እያለ ወደ እኔ ይጠቁማል።

እኔም "አዎ፣ ብለዋል" እላለሁ።