ሦስተኛው ጫፍ

ሉቅማንን በደንብ አውቀዋለሁ ብል እዋሻለሁ። የማውቀው በባጃጄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሚስቱ ኑርሀን ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ እሱ ደግሞ በጅቡቲ በኩል የሚገቡ ያገለገሉ የቁፋሮ ማሽኖችን፣ ኤክስካቫተሮችን፣ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ከዚህ ያለፈውን ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። ግን ያን ቀን አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሉቅማን ሥራ የሚወጣው ድሬ ስትተኛ ነው። ከምሳ በኋላ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ጫቱን ይዞ ወደየበርጫው ገብቶ፣ መንገዱ ላይ ፍየልና ፀሐይ ብቻ ሲቀሩ እሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመጣል።

"በዚህ ሙቀት ምን ያስኬድሃል?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"በዚህ ሰዓት ማንም አጠገቤ ቆሞ አያስተምረኝም" አለኝ።

እኛ ከተማ የማሽን ክዳን ከተከፈተ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ነው፤ ስለዚህ ገባኝ።

ሥራውን በመንገድ ላይ ያስረዳኝ እሱ ነው። የዛሬ ኤክስካቫተር ሞተሩ የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ የዘይት ፓምፑም የራሱ። ሁለቱ የሚነጋገሩት እርስ በርስ በተጠመዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ወሬያቸው ሲቋረጥ ማሽኑ ወይ ይቆማል ወይ ያልታዘዘውን ይሠራል። ያገለገለ ማሽን ደግሞ ሽቦው በባሕር ጨው ተበልቶ፣ በማናውቀው አገር መካኒክ ተቀጥሎ ነው የሚመጣው። ሉቅማን መጀመሪያ ባትሪውን ይነቅላል፤ ከዚያ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ሽቦዎቹ ላይ ያሳርፋል። መስመሩ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ብቻውን መቶ ሃያ ነው፤ ጫፍ ሲጨመር ቁጥሩ ይካፈላል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቴስተሩ ስድሳ ያሳያል።

"ስድሳ ካለ ባልና ሚስቱ ቤት ናቸው" ይላል። "መቶ ሃያ ካለ አንዳቸው ኮብልሏል።"

ያን ቀን የሄድነው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲያ፣ የውሃ ቱቦ ቦይ ወደሚቆፈርበት ሜዳ ነበር። የማሽኑ ባለቤት ሽሬ ይባላል፤ ቢዮ አዋሌ ላይ ከብት ሲነግድ ኖሮ ወደ ማሽን የዞረ ሰው ነው። ኦፕሬተሩ ፍራኦል ከማሽኑ ርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አጠገቡ ታላቅ ወንድሙ ጉተማ አለ፤ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን የሚያስተካክለው እሱ ነው።

የሆነውን ፍራኦል ነገረን። በቀደም ጉተማ ቦዩ ውስጥ ጎንበስ እንዳለ የማሽኑ ስክሪን ጠፋ፤ እጀታዎቹም ሞቱ። ፍራኦል እጁን አንስቶ ሊወርድ ሲል ስክሪኑ በራ። ማሽኑ ማንም ሳይነካው ዞሮ አካፋውን ወደ ቦዩ አወረደ። የጉተማ ጭንቅላት ላይ ሊያርፍ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

"ስንዝር አይሞላም" አለ ጉተማ እየሳቀ። "የአካፋውን ጥርስ ቆጥሬዋለሁ።"

ፍራኦል አልሳቀም። "ኮምፒውተሩ ካልዳነ አልነዳም። እሱም አይገባም።"

"ዛሬ ይድናል" አለ ሽሬ። "ዛሬ ካልገባችሁ ነገ ሌሎች ይገባሉ። ሉቅማን፣ ወላሂ ቶሎ በል።"

ሉቅማን ባትሪውን ነቅሎ ከኦፕሬተሩ ወንበር ኋላ ያለውን ክዳን ፈታ። ኮምፒውተሮቹ የሚገናኙበትን መሰኪያ ሲነቅለው ውስጡ ጥቁር ቅርፊት ይዟል። በጥፍሩ ፈቀፈቀው፤ አሸተተው።

"ሽሬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"ፍየልህ እዚህ ገብታለች።"

ሽሬ ማሽኑ የገባ ዕለት ፍየል አርዶ፣ ዓይን እንዳይበላው ደሙን በሩ ላይና በዚያ ክዳን ላይ አስቀብቶ ኖሯል። እኛ ዘንድ አዲስ ንብረት ሲገባ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ደሙ በክዳኑ ስንጥቅ ወርዶ መሰኪያው ውስጥ ደርቋል።

"ለበረካ ነው" አለ ሽሬ አፍሮ።

"በረካውን ውጭ አድርገው፣ አቦ። ደም ጨው አለው። ጨው ሽቦ ይበላል።"

ያን ጊዜ ፍራኦል ሳቀ። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ሉቅማን መሰኪያውን በብሩሽ አጸዳ፣ በአልኮል አጠበ፣ ፀሐይ ላይ አደረቀና መለሰው። ቴስተሩን አሳረፈ። አየው። ከዚያ ወደ እኔ አዞረው።

"አንብብልኝ።"

"አርባ።"

"ስድሳ ነው መሆን ያለበት።"

"አርባ ነው የሚለው" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

"አርባ የሚለው ሦስት ጫፍ ሲኖር ነው" አለ።

ሽሬ ትከሻውን ነቀነቀ። "ታዲያ ሦስተኛው ማነው?"

ሉቅማን መጀመሪያ አልደነቀውም። አንዳንድ የውጭ ባለቤት ማሽኑን ከሩቅ የሚከታተልበትን ሣጥን ደብቆ ይሸጣል፤ ከዚህ በፊት አግኝቶ ያውቃል። ወንበሩን አነሳ፣ ወለሉን ፈታ፣ ጣሪያውን አወረደ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ ተከተለው። ቅጥል የለም። ሣጥን የለም። ሁለት ጫፍ ብቻ ነው።

ከዚያ የሞተሩን ኮምፒውተር ከመስመሩ ነቀለ። የፓምፑንም ነቀለ። አሁን መስመሩ ላይ ማንም ስለሌለ ቴስተሩ ምንም ማሳየት አልነበረበትም። መቶ ሃያ አለ።

"ባልና ሚስቱ ወጥተዋል" አለ ሉቅማን። "ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።"

ማንም አልሳቀም። ሜዳው ላይ ነፋስ እንኳ አልነበረም። ሙቀቱ ብረቱን እየለጠጠው አልፎ አልፎ ቋ ይላል፤ ሁላችንም በየጊዜው ወደ ድምፁ እንዞራለን።

"መልሰህ ሰካውና አስነሳልኝ" አለ ሽሬ።

ሉቅማን ሰካው። ባትሪውንም መለሰ። ሽሬ ራሱ ወጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። አካፋውን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ ግራና ቀኝ አዞረ። ማሽኑ እንደ በግ ታዘዘ።

"ይኸው! በቃ!" ብሎ ወረደ። "ፍራኦል ውጣ። ጉተማ ግባ።"

ጉተማ የእጅ አካፋውን አንስቶ ወደ ቦዩ ወረደ። ፍራኦል ግን ማሽኑ የሚሄድበት ሰንሰለት አጠገብ ቆመ።

"አቦ ሉቅማን፣ አንተ ንገረኝ። ወንድሜን ላስገባው?"

ሉቅማን ወደ ማሽኑ ዞረ። "አጥፉት" አለ። ሞተሩ ሲጠፋ ባትሪውን እንደገና ነቀለ። አንድ እግሩን ሰንሰለቱ ላይ አድርጎ ራሱን ወደ ባዶው የኦፕሬተር ክፍል አስገባና፣ "አሰላሙ አለይኩም" አለ።

ባዶ ቤት ሲገቡ ሰላም ማለት ያደግንበት ነው። ማንም መልስ አይጠብቅም፤ እያሉ ይገባሉ። ሉቅማን ግን ቆመ። በር አንኳኩቶ ውስጥ ያለው ሰው ቀስ እያለ ሲመጣ እንደሚሰማ ሰው፣ ጆሮውን አዘንብሎ ቆመ። ከዚያ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሲመለስ ያን ያጸዳውን መሰኪያ ከነሽቦው ቆርጦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ያለ እሱ ማሽኑ አይነሳም።

"ጉተማ፣ ውጣ" አለ። "ማንም አይገባም።"

"ወሪያ! አንተ ሰው!" ሽሬ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘ። "ጂኒ ነው ልትለኝ ነው? የተማርክ ሰው አይደለህ? ሌላ ኤሌክትሪሺያን አመጣለሁ!"

"አምጣ። ሦስተኛውን ሲያገኘው ይሄን መሰኪያ በእጄ እሰጠዋለሁ።"

ሽሬ ማንገቻውን ሳበው። ጉተማ ከቦዩ ወጥቶ፣ የእጅ አካፋውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ሉቅማን አጠገብ ቆመ። ፍራኦልም መጣ።

"እኛም አንገባም" አለ ፍራኦል። "ሰው ካመጣህ ደግሞ ያየነውን ሁሉ እንነግረዋለን።"

ሽሬ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ማሽኑን አየ። ማንገቻውን ለቀቀው።

ወንድማማቾቹንም ጭነን ተመለስን። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ወረዱ፤ ጉተማ የሉቅማንን እጅ ይዞ ብዙ ቆየ። ብቻችንን ስንቀር መንገዱ ገና ባዶ ነበር። ልጠይቀው ፈራሁ፤ ዝም ብዬ መንዳትም አቃተኝ። ሞተሩን አጠፋሁና ወደ ኋላ ዞርኩ።

"ሉቅማን፣ ያኔ ሰላም ስትል የመለሰልህ አለ?"

ቦርሳውን ከጎኑ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

"እሱን አትጠይቀኝ" አለ።