በዕቃ ቤት ያደረች እንግዳ

እኔንና ፈረንጇን ያሰሩን በአንድ ገመድ ነው፤ የእኔን ቀኝ እጅ ከእሷ ግራ እጅ ጋር። ከፒያሳ እስከ ቀበሌው እንደዚያ ሆነን በእግር ወሰዱን። እሷ ረጅም ስለነበረች ስትራመድ ትጎትተኛለች። ሲገባት እርምጃዋን አሳጠረችልኝ።

ያን ጊዜ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ እሠራ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ትልቅ ሻንጣ በጀርባዋ አዝላ ገባች፤ ማኪያቶ አዘዘችና ካርታ ዘርግታ ወደ እንጦጦ በየት በኩል እንደሚኬድ ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ ከገባች ገና ማደሯ ነበር። በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ ሳስረዳት ከጊዮርጊስ በኩል የሰልፈኛ ድምፅ ተሰማ። በዓል መስሏት ፈገግ ብላ ወጣች። ተኩስ ሲጀመር ሰው ሁሉ ሸሸ፤ እሷ አስፋልቱ መሀል ደርቃ ቀረች። ሮጬ ክንዷን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋት። አብዮት ጠባቂዎቹ ያዩት ይህንን ነው።

ገመዱን ፈትተው ያስገቡን ቀበሌው ቢሮ ካደረገው የተወረሰ ቪላ ጓሮ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች በርበሬ ያስቀምጡበት ኖሮ፣ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ሽታው ከወለሉ እየተነሳ ያስነጥሳል። ውስጥ አንዲት እናት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ውቤ በረሃ ጠጅ ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ቢሰወር በእሱ ፈንታ እሳቸውን አሰሩ። ፈረንጇን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣

«እኛስ አገራችን ነው። ይቺ ምን ጎድሎባት ባሕር ተሻገረች?» አሉ።

«አገር ለማየት ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ አየቻ!»

ስቀው ሲያበቁ ነጠላቸውን አውልቀው አነጠፉላት። «ነይ ተቀመጪ። እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም።»

ከሰዓት በኋላ ፈረንጇ አለቀሰች። ከተማውን ገና ምንም አላየሁም አለችኝ። ለእትዬ ነገርኳቸው።

«እኔ አሳያታለሁ። አንቺ ብቻ ተርጉሚላት» አሉ።

በወሬ ከአፍንጮ በር ተነሱ። ሽቅብ ቁልቁል አወጧት አወረዷት፤ ድልድዩን አሻግረው ፒያሳ አደረሷት። የትኛው ወርቅ ሠሪ ቀልደኛ እንደሆነ፣ የትኛው ልብስ ሰፊ ቀጠሮ እንደማያከብር ነገሯት። ውቤ በረሃ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚህ ያየሽውን ለእናትሽ አትንገሪ በያት» አሉኝ። ስተረጉምላት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ገና ስትስቅ እኔን ጠሩኝ። የቪላው ሳሎን ውስጥ አንድ ካድሬ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

«ፈረንጇ ሰላይ ናት። ሰልፉን እንድታሳያት ቀጥራሻለች። ይህን መስክሪና ዛሬውኑ እናትሽ ቤት ግቢ።»

«የጠየቀችኝ የእንጦጦን መንገድ ነው» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ ማኪያቶ አዛለች።»

በጥፊ መታኝ። ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ደጋግሜ ያንኑ መለስኩ።

ስመለስ እትዬ ምንም ሳይጠይቁ የነጠላቸውን ጫፍ ውሃ ነክረው ጉንጬ ላይ ያዙልኝ። ፈረንጇ ግን ምን እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። «ስለ እንጦጦ ነው» አልኳት። ሌሊቱን፣ ፈትሸው በመለሱላት ሻንጣ የነበረውን የመኝታ ከረጢት ፈትታ ለሦስታችን ደረበችልን።

በማግሥቱ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፈተ። «ፈረንጇ ትውጣ! ከኤምባሲ መኪና መጥቶላታል።»

ተነሳች። ፀጉሯ ተንጨባሮ የበርበሬ ብናኝ ለብሷል። እትዬ እጇን ይዘው መልሰው አስቀመጧትና በጣታቸው ያፍታቱላት ጀመር።

«እማማ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» ጠባቂው ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

እሳቸው ቀና አላሉም። «ልጄ፣ ከእናትህ ቤት እንግዳ ተንጨባሮ ይወጣል?»

ጠባቂው ጠብመንጃውን መልሶ አንግቶ ጀርባውን አዞረልን። እትዬ ሳይቸኩሉ ጎነጎኑላት፤ ከነጠላቸው ጥለት ክር መዝዘው ጫፉን አሰሩላት። ፈረንጇ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመችና በራሷ አገር ቋንቋ አንድ ነገር አለቻቸው። እንግሊዝኛ ስላልነበረ መተርጎም አቃተኝ።

«ተዪው፣ ገብቶኛል» አሉኝ።

እኔ የተፈታሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። እትዬን ከዚያ በፊት ወደ ሌላ እስር ቤት ወስደዋቸው ነበር። ብዙ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። ጠባቂው በሕይወት ካለ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ፒያሳ ስወርድ በእሱ ዕድሜ የሚሆን ሰው ካየሁ እሱ ይሆን እላለሁ። ባገኘው ስለ እስሩ የምጠይቀው ብዙ ነገር አለኝ። መጀመሪያ ግን፣ እትዬ ጎንጉነው እስኪጨርሱ ስለጠበቃቸው አመሰግነው ነበር።