ኖህፔቴን በአምባዬ አቆጣጠር

አምባዬ ያናድደኛል። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ፣ ታክሲ እየነዳ፣ ዲግሪ ካልያዝኩ ብሎ ኮሌጅ ገባ። እሰየው። የቀረችው አንዲት የታሪክ ኮርስ ነበረች፤ ያችን ካላለፈ ምርቃት የለም። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ ሰልፍ ይዘን ተሳፋሪ ስንጠብቅ ስለ ማያዎች ያልሰማሁት ነገር የለም።

ለነገሩ ወሬው ይጥማል። ጓቴማላ ውስጥ፣ ሐይቅ መሃል ደሴት ላይ፣ ኖህፔቴን የምትባል የማያዎች ከተማ ነበረች። ስፔኖች ዙሪያውን ይዘው እሷ ግን ሳትገዛ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ቆየች። በኋላ አንድ የስፔን መነኩሴ መጣ። የማያን ዘመን አቆጣጠር ቁጭ ብሎ አጥንቶ ኖሮ፣ ንጉሡን በራሳችሁ አቆጣጠር ሃይማኖት የምትለውጡበት ጊዜ ደርሷል አለው። ንጉሡም ገና ነው፣ ጥቂት ወራት ጠብቁን ብሎ መለሰ። በዓመቱ ስፔኖች መርከብ ሠርተው፣ መድፍ ጭነው ሐይቁን ተሻገሩ። ከተማዋ በአንድ ጠዋት ተያዘች።

እዚህ ድረስ ሰላም ነው። አምባዬ ግን ማስታወሻ የሚይዘው በአማርኛ፣ ዓመቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለሰ ነው፤ ካልሆነ ጭንቅላቴ ውስጥ አይገባም ባይ ነው። እዚህ ያደገችው ልጁ ምህረት በእንግሊዝኛ ስትተይብለት ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠችው። አስተማሪው ዓመቶቹን ሁሉ በቀይ አክብቦ መለሰለት። እስከ ዓርብ ካላስተካከለ ይወድቃል።

"ዴቱን ፊክስ አድርግና ሰብሚት አድርግ በቃ" አልኩት። እምቢ አለ። በእኛ ትክክል ነው፣ የእኛ አቆጣጠር ስህተት ነው ያለው ማን ነው እያለ ሦስት ቀን አደረቀኝ። ሚስቱ ውቢት ለመነችው። ምህረት ጥፋቱ የኔ ነው ብላ አለቀሰች። ሐሙስ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ደብተሩን ከእጁ ነጠቅኩት።

"ከተማዋ የተያዘችው በየትኛው ወር ነው?"

"ማርች።"

"በማርች ስንት ይቀነሳል?"

ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሚቀነስ ከአገር የወጣ ሰው አይጠፋውም። እሱ ከ1697 ሰባት ቀንሶ 1690 ብሏል። 1689 መሆን ነበረበት። የቀሩትንም እንደዚያው በሰባት ነድቷቸዋል።

"በራስህ አቆጣጠርም ተሳስተሃል፣ አምባዬ" አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የመነኩሴውን ንግግር እንደደገምኩ የገባኝ። እሱ ግን ወዲያው ገብቶታል። አልተቆጣም። ደብተሩን ተቀብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባና መስኮቱን ዘጋ።

ዓርብ አስተካክሎ አስገባ። አለፈ፣ ተመረቀ፣ ድግሱ ላይም ጠርቶኝ በላሁ ጠጣሁ። አሁን ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ስለ ጎማ፣ ስለ ኢንሹራንስ እናወራለን። ስለ ማያ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ንጉሡ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ቀረ። ልጠይቀው እልና አፍራለሁ።