የኮታ ጊደር

በሕይወቴ የጻፍኩት ልብ ወለድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነው። ልብ ወለድ ድሮስ ውሸት አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የኔ ግን የባሰ ነው። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቆላ ወርደው ጥጥ እየለቀሙ አንዲት ላም ያልማሉ፤ መጨረሻ ላይም አብረው ያልቧታል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ሲወጣ ባልደረቦቼ ወደዱት፣ አንዷማ አልቅሻለሁ አለችኝ። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እውነተኛውን እዚህ ልጻፈው።

የአስረኛ ክፍል ውጤቴ እንዳሰብኩት አልሆነም። ከቦዲቲ ወደ ብላቴ ወንዝ ዳር ወርጄ አንድ የጥጥ እርሻ ላይ ለለቀማ ተቀጠርኩ። ለእናቴ ግን ቢሮ ተቀምጬ እጽፋለሁ ነው ያልኳት። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

አርባ የምንሆን ወንዶች በአንድ የሳር ዳስ እናድር ነበር። ሰው በሞላበት ቦታ እንደዚያ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ካቦው በስም አይጠራንም፤ "አንተ ባለ ሰማያዊ ሹራብ!" ነው የሚለው። እርስ በርስ ስም መጠያየቅም ትርፉ ድካም ነው፤ የዛሬ ሳምንት ማን እንደሚኖር ማን ያውቃል? አመሻሽ ላይ ሁሉም የየራሱን ጉልቻ ጎልቶ የየራሱን በቆሎ ይቀቅላል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኛ ዘንድ አርባ ሰው ለየብቻው ይበላ ነበር። እናቴ ትናፍቀኝ ነበር። ግን ዋሽቻታለሁና ናፍቆቱ እንኳ ደህና አድርጎ አልወጣልኝም።

አንድ የቦምቤ ሰው በአጠገቤ ባለው መስመር ይለቅም ነበር። በዕድሜ በአሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ፣ ወሬ የጠማው ሰው ነው። አንድ ቀን ከጥጡ ቀና ሳይል በወላይትኛ፣

"ኢሻ፣ እናትህ ከብት አላት?" አለኝ። ኢሻ ወንድም ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላም የምንጠራራው በዚሁ ነበር።

"የላትም።"

"እኔም የለኝም። እንሰቴ እበት አጥቶ ቀጭጮብኛል።"

በእኛ አገር ኮታ የሚባል ነገር አለ፤ ሁለት ሰው አንድ ከብት በጋራ ይይዛል። ወተቱና እበቱ ለሚያሳድራት ሰው ነው፣ ጥጃው ግን በየተራ። ኮታ የገባ ሰው ከዚያ ወዲያ ዘመድ ነው፤ ሲታመም ትጠይቀዋለህ፣ ሐዘኑ ላይ ትቀመጣለህ። እኛም ጥጥ እየለቀምን በአፋችን አንዲት ቀይ ጊደር በኮታ ያዝን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቆሏችንን በአንድ ድስት ቀቀልን። ሌሎቹ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" እያሉ ሳቁብን። ይሳቁ። እኔ የሚያናግረኝ ሰው አግኝቼ ነበር።

የት ትደር በሚለው ግን ተጣላን። እሱ ለእንሰቱ ሲል ቦምቤ አለ። እኔ ቦዲቲ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የቅንጭብ አጥር ያለው የእናቴ ግቢ አልኩ። በሌለች ጊደር ሁለት ቀን ተኳረፍን፣ ድስትም ለየን! በሦስተኛው ቀን በቆሎውን ይዞ መጣና "የመጀመሪያውን ዓመት እናንተ ጋ ትደር፤ አንተ ታናሽ ነህ" አለኝ።

እኔ ጨዋታውን በማሸነፌ ደስ አለኝ። እሱ ግን ሲጫወት አልነበረም። አንድ የአገሩ ሰው በሬ በኮታ እንያዝ ብሎ ቢጠይቀው "እኔ ሰው አለኝ" ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። ያኔ ደነገጥኩ። የምሬን አይደለም ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጥጤን መልቀም ቀጠልኩ።

ታኅሣሥ ላይ ለመምህርነት ሥልጠና በተጠባባቂነት ተጠራሁ። "ሶዶ ደርሼ እመለሳለሁ" አልኩት። ጆንያውን አስቀምጦ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። አልተመለስኩም። ሶዶ፣ ኦቶና ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ጥጥ ለቅሜ እንደማውቅ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ከረምኩ። የሚያጎርሱኝ ጓደኞች ሞልተው ነበር፤ የሚያውቀኝ ግን አንድም አልነበረም።

ለፋሲካ ቦዲቲ ስመጣ እናቴ እየሳቀች ተቀበለችኝ።

"ጉድ ልንገርህ! ባለፈው አንድ ጨርቁ ያለቀ ሰውዬ ጊደር እየጎተተ መጣ። ከቦምቤ ሁለት ቀን በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ከልጅሽ ጋር ኮታ ነን፣ ቆላ አብረን ጥጥ ለቅመናል፣ በለቀማው ብር ገዛኋት ይላል። ልጄ ቢሮ ነው የሠራው፣ ቤት ተሳስተሃል አልኩት። አይ፣ ቤቱስ ይሄው ነው፣ የዘንድሮው ዓመት የናንተ ነው ብሎ ገመዱን በእጄ ሊያስይዘኝ! ጎረቤት ተሰበሰበ። የሰረቃት ናት፣ ይያዝ ሲሉ እሱ እቴ፣ አንተን ጥሩልኝ ብቻ ነው የሚለው። በስንት ጭቅጭቅ ከነጊደሯ አባረሩት።"

ከዚያ ሳቋን አቁማ አየችኝ።

"ታውቀዋለህ እንዴ?"

አውቀዋለሁ ብል ቢሮው ሁሉ ሊፈርስ ነው፤ ጎረቤት የሰማው ቢሮ፣ እሷ የኮራችበት ቢሮ።

"አላውቀውም" አልኳት።

"እኔም ብያለሁ" አለች። "ውሃ ስጪኝ ቢለኝ እንኳ አልሰጠሁትም።"