ከጊንጪ በላይ ያለው ፏፏቴ

አባቴ ፏፏቴውን ማየት እንደሚፈልግ የነገረን አንድ እሁድ ምሳ ላይ ነው። እናቴ ሳህን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር፤ እንዳጎነበሰች ቀረች።

«የትኛውን ፏፏቴ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ከጊንጪ በላይ፣ ጫካው ውስጥ ያለውን።»

የዚያ ቦታ ነገር ቤታችን ውስጥ ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። ወጣቱ ከየቤቱ በሚታፈስበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሜ አንድ ጠዋት «ከጓደኞቼ ጋር ፏፏቴ አይተን ማታ እንመለሳለን» ብሎ ከአምቦ ወጣ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። እናቴ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው፤ እሱ በር ላይ ቆሞ የጫማውን ክር እያሰረ በሆነ ነገር ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። አንዱ ጫካ ገብቷል አለን፣ ሌላው መንገድ ላይ ተይዟል አለ፣ ሱዳን ታየ ያለም ነበር። አባቴ በየእስር ቤቱ ደጅ ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ወደ ልብስ ስፌቱ ተመለሰ። ስለ ልጁ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ኖረ።

ፏፏቴውን ልይ ባለን ጊዜ እኔ አስተማሪ ሆኜ ነበር። አባቴ ደግሞ ዓይኑ ደክሞ፣ መርፌ ላይ ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ።

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄ ሊያይ የሄደውን ነገር ልየው» አለ።

እናቴ ሳህኖቹን አነሳች። «እኔ አልሄድም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጉዞውን ማሰናዳት የኔ ሥራ ሆነ። ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚያስተምር የጊንጪ ልጅ ነበር፤ መንገዱን ጠየቅሁት። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዳችሁ ጊንጪ ውረዱ፣ ዳገቱን ይዛችሁ ውጡ፣ ጫካው ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው ጎጆ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነው፣ እሷ ታደርሳችኋለች አለኝ። ክረምቱ ስላልወጣ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ለአባቴ የላስቲክ ቦቲ ከጎረቤት ተዋስኩ፣ ለምርኩዝ የሚሆን ዱላ ፈለግሁ። እነዚህን ነገሮች ስሰበስብ ደስ ይለኝ ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ነቅነቅ ብሎ ነበር። አባቴ ማታ ማታ ቦቲውን ለክቶ በክፍሉ ውስጥ ይራመድ ነበር።

ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። አብረን ሄድን። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያይ ጠየቀ።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለሽርሽር» አልኩ።

«ስንት ሰው?»

«አራት» አለ አባቴ።

ጸሐፊው አሁን ቀና አለ። «የቤተሰቡን ብዛት አይደለም፤ የሚሄደውን ነው የጠየቅሁት።»

«ሁለት ነን» አልኩ ፈጥኜ። አባቴ ማህተሙ እስኪመታ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ።

በሄድንበት ቀን ገና ሳይነጋ ስነሳ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጃንጥላ ይዛ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ዳቦ ጋግራ ቋጥራለች።

«አልሄድም አላልሽም እንዴ፣ እማዬ?»

«መንገዱን አታውቁትም» አለች።

«አንቺስ የት ታውቂዋለሽ?»

ጃንጥላውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሩን ከፈተች። ይለፍ ወረቀቱ ላይ የለችበትም ብዬ ብሰጋም ኬላው ላይ የጠየቀን አልነበረም። ጊንጪ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር እናቴ ፊት ፊት ሄደች። መንታ መንገድ ስንደርስ ለመጠየቅ ሰው ሳማትር፣ እሷ ወደ ግራ ታጥፋ ርቃ ነበር።

የመጨረሻው ጎጆ ደረስን። ሴትዮዋ ውሻዋን እየገሰጸች ወጣች፣ እናቴን ስታይ ሮጣ አቀፈቻት። «አካም ጅርታ፣ አዴ!» ብላ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቀቻት፤ «ዘንድሮ ምነው ዘገየሽ?» አለቻት።

አባቴ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። እሱም ኦሮምኛ ያውቃል።

«ትመጪ ነበር?» አላት።

«በየዓመቱ ጠበል እሄዳለሁ ስልህ የት የምሄድ መሰለህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። «ሰው ሲበዛ አይወጣም ብዬ ፈራሁ» አለች።

ማን ነው የማይወጣው ብዬ ልጠይቃት ስል አባቴ ዱላውን አንስቶ ወደ ጫካው መራመድ ጀመረ። ሴትዮዋ በዝግባዎቹ መሃል ይዛን ገባች። ጫካው ጨለም ያለ ነው፤ ጉሬዛዎች ከላያችን ቅርንጫፍ ያናውጣሉ፣ ከዚያ ጸጥ ይላሉ። የውሃው ድምፅ መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ መኪና መስሎኝ ነበር። እየቀረብን ስንሄድ መነጋገር አልቻልንም።

ፏፏቴው እንዳሰብኩት ትልቅ አይደለም። ከጥቁር ገደል ላይ ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ጉም ይሆናል። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማውራት ጀመረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ አንድም ቃል አይሰማኝም። እጇን እያወናጨፈች፣ አንዳንዴ እየሳቀች፣ ከገበያ መልስ ከጎረቤት ጋር እንደምታወራው ታወራ ነበር። አባቴ አጠገቧ ቆሞ ማዶውን ያያል።

ድንገት ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። እናቴም ቀና ብላ እጇን አነሳች።

ወደ ማዶ አየሁ። ገደል፣ እርጥብ ቅጠል፣ ጉም። ዓይኖቼን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ከሦስታችን ደህና ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ፤ ምንም አላየሁም። ሴትዮዋን ዞሬ ሳያት መሬት መሬት ታያለች።

ስንመለስ፣ ድምፁ ከኋላችን ሲቀንስ፣ አባቴ «ከስቷል» አለ።

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነው» አለች እናቴ።

«ማዶ መንገድ አለ?» ብዬ ሴትዮዋን ጠየቅኋት።

«የለም። ሰው የሚቆምበት ቦታ አይደለም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሰላም አገኙ። አባቴ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛ ጀመር፤ ስለ ወንድሜ እንደ ልብ ይጫወታሉ፣ ሌላ ከተማ እንደሚሠራ ልጅ። ብቻዬን የቀረሁት እኔ ነኝ። ምግብ እየበላን «ከስቷል» ሲባባሉ ውሃ ላመጣ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ ከጫካም ከሱዳንም የተመለሱ ነበሩ። እሱ አልመጣም። ልጆቻቸው የቀሩባቸው ብዙ ቤተሰቦች ያን ጊዜ ቁርጡን አውቀው ድንኳን ተከሉ፣ ለቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤቶች ወደ እኛም መጡ። «እናንተስ መቼ ትቀመጣላችሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለማን?» አለች እናቴ፤ ከልቧ ገርሟት።

ጎረቤቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሲኒ ልሰበስብ ተነሳሁ። በዚያ ክረምት በአምቦ የተተከለ ድንኳን አላመለጠኝም። የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ሳይቀር እየገባሁ፣ ጥግ ይዤ፣ ለወንድሜ አለቀስኩ። ባለለቅሶዎቹ ልጃቸውን የማውቀው እየመሰላቸው እቅፍ አድርገው ይስሙኝ ነበር።