ደምመላሽና የእትዬ ፈንታነሽ ደም

ለደምመላሽ ስም ያወጡለት አያቱ ናቸው። በጉና ተራራ ግርጌ፣ ከገሳይ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር እሱ በተወለደበት ዓመት አጎቱ በድንበር ጠብ ተገድሎ ነበርና የተወለደው ወንድ መሆኑ ሲነገራቸው አያቱ ሌላ ስም አላሰቡም። ደግነቱ ልጁ ዱላ ለመያዝ ሳይደርስ ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ወገን አስታረቁና ስሙ ብቻ ቀረ። እሱ ራሱ በሬ ሲመታ እንኳ ማየት የማይወድ፣ የሁሉንም ነገር ውስጡን ካላየ የማያርፍ ልጅ ሆኖ አደገ።

ገና ትንሽ ሳለ የምትወደው አክስቱ ከስታ ከስታ ሞተች። “ሳንባ ነው” ተባለ፤ ለቀስተኛውም ሳንባ ነው እያለ ተበተነ። ኤችአይቪ እንደነበር ደምመላሽ ያወቀው ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ስለ በሽታው ራሱ ሲማር ነው። ከዚያ የጀመረው ጥያቄ እስከ ዶክትሬት አደረሰው። ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ያስተምራል፤ በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪም ቲ ሴል የሚባሉትን፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁ የደም ሕዋሳት ያጠናል።

አንድ ቀን የገሳይዋ ነርስ ሰላማዊት ደወለችለት። “ከጉና የሚወርዱ አንዲት እናት አሉ” አለችው። “ቫይረሱ በደማቸው ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኗል። መድኃኒት ጀምሩ ብንላቸው እምቢ ብለው ቀርተዋል፤ ግን እስካሁን አልታመሙም። ስላንተ ሥራ ብነግራቸው ‘እሱ ይምጣና ይጠይቀኝ’ አሉ።”

ደምመላሽ እንዲህ ያሉ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት እንደሆኑ ያውቃል። በማግስቱ መኪናው እስከሚችለው ሄዶ፣ የቀረውን በእግሩ ወጣው።

እትዬ ፈንታነሽ ድንች እየቆፈሩ ነበር። ወገባቸውን ሳያቀኑ አንገታቸውን ብቻ አንሥተው አዩት።

“ማን አልከኝ ስምህን?”

“ደምመላሽ።”

“ታዲያ ደም ልትመልስ ነው ልትወስድ የመጣኸው?” ብለው ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን ከጥናቱ በፊት መናገር ያለበትን ተናገረ። “እትዬ፣ ደም ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ምክሬ አንድ ነው። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ቢጀምር ይሻለዋል። እርስዎም ጭምር።”

“ሳያመኝ?”

“ሳያምዎት።”

“እሱን ተወው፣ አይሆንም። ደሙን ግን ውሰድ” አሉና ጣታቸውን ቀሰሩበት። “ከዚህ በፊትም ወስደዋል። ያየውን ተመልሶ የነገረኝ የለም። አንተ ግን መጥተህ ትነግረኛለህ።”

ቃል ገባላቸው። የቀዳውን ደም ቲ ሴሎቹ ሳይሞቱ ደብረ ታቦር ለማድረስ እየተጣደፈ ወረደ። ላቦራቶሪው ገብቶ የሕዋሳቱን ሥራ ሲለካ ደስታው እንደ ልጅ አስጮኸው። የእትዬ ፈንታነሽ ቲ ሴሎች ቫይረሱ የገባባቸውን ሕዋሳት እያደኑ ይገድሉ ነበር፤ ቫይረሱም መሣሪያው ሊያየው እስኪያቅተው ድረስ አንሷል።

በቃሉ መሠረት ተመልሶ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ ነገራቸው።

“ቲ ሴሎች እንደ መንደር ጠባቂ ናቸው፣ እትዬ። አንዳንዶቹ ጠላት ሲገባ ኡኡ ብለው ይጠራሉ፤ ሌሎቹ ሰምተው ይገድላሉ። ይህ ቫይረስ ክፉ የሆነው መጀመሪያ ኡኡ ባዮቹን ስለሚያፍን ነው። ያን ጊዜ ሰውነት የሚጣራለት ያጣል። የእርስዎ ገዳዮች ግን ተጣሪ ሳይበዛላቸው እንኳ አላንቀላፉም። ከተወለዱ ጀምሮ የታደሉት ነገር ነው።”

እትዬ ፈንታነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

“ሞገስ፣ ባሌ፣ በዚሁ በሽታ ሲሞት እኔ አልከሳሁም” አሉ። “አገር ምን አለ መሰለህ? ‘ባሏን በልታ እሷ ወፈረች።’ ወንድሙ ይሻው ከቀብሩ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። እኔም አንዳንዴ እውነት ይሆን እንዴ እላለሁ።”

ደምመላሽ ያቺ ሳንባ ነው የተባለላት አክስቱ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት።

“ለይሻው ልንገረው?” አላቸው። “እርስዎ ከፈቀዱ፣ እርስዎም ባሉበት።”

ጥቂት አሰቡና “ጥራው” አሉ።

ይሻው መጣ፤ ግን አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ሰማ። ደምመላሽ አንዱ ሰውነት ከሌላው እንደሚለይ፣ ወንድሙን የገደለው ቫይረሱ እንጂ ሚስቱ እንዳልሆነች፣ የሷን ደም ራሱ በዓይኑ እንዳየው አስረዳው። ይሻው በበትሩ አፈሩን እየጎረጎረ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ወደ ድንቹ ማሳ ዞር አለና “ይሄን ሁሉ ብቻሽን ነው የምትቆፍሪው?” አላት። በሚቀጥለው ሳምንት መቆፈሪያውን ይዞ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ደምመላሽ በየጊዜው እየወጣ ደም ይቀዳ፣ ያየውን ይነግር ጀመር። የመድኃኒቱንም ነገር በየጊዜው ያነሣል፤ እሳቸውም በየጊዜው እያሳቁት ያልፉታል። ከድንቹም ሳያስይዙት አይሰዱትም። ባለቤቱ ሠናይት “የምርምርህ ውጤት ደረሰ” እያለች ትቀበለዋለች።

ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት መሣሪያው ያልጠበቀውን አሳየው። ቫይረሱ ተነሥቷል። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደገመው፤ ያው ነው። ኡኡ ባዮቹም መቀነስ ጀምረዋል፤ ገዳዮቹ ዝለዋል።

ወንበሩ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። ለተመራማሪ ግን ይህ ብዙዎች የሚመኙት ነገር ነበር። ለዘመናት የጸና ጥበቃ እንዴት እንደሚፈርስ ከመጀመሪያው ማየት! ለጥቂት ወራት ዝም ቢል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደም ቢቀዳ… ሐሳቡ መጣበት። መምጣቱ ራሱ አሳፈረው። ተነሣና ለሰላማዊት ደወለ። “መድኃኒት አዘጋጂልኝ። ነገ ይዣቸው እመጣለሁ።”

ሲደርስ እትዬ ፈንታነሽ ገብስ እያበጠሩ ነበር። ፊቱን አይተው ሰፌዱን አስቀመጡ።

“ክፉ ነገር አየህ።”

“አየሁ፣ እትዬ።” ሁሉንም ሳይሸፋፍን ነገራቸው።

“ከዱኝ በለኛ!” አሉ። “ያን ያህል ስትክብልኝ፣ እኔም ስኮራባቸው!”

“አልከዱም። ደከሙ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይተኩ ዘብ ቆመው እንዴት አይደክሙ? መድኃኒቱ ያሳርፋቸዋል።”

 ገብሱን በጣታቸው ይበትናሉ፣ ይሰበስባሉ።

“የኔ ደም ያለ መድኃኒት ስለቆየ አይደለም እንዴ የፈለግኸው? ከጀመርኩ ሥራህስ?”

“ሥራዬ ሌላ መንገድ ያገኛል። እርስዎን ግን ሌላ ቦታ አላገኝዎትም።”

ቀና ብለው አዩት። “አንተ ልጅ” አሉ፤ ሰፌዱን ጓዳ አስገብተው ነጠላቸውን ለበሱ። ይሻው በቅሎውን ጫነና ሦስቱ ተያይዘው ወደ ገሳይ ወረዱ።

መድኃኒቱ መጀመሪያ ሰሞን አቅለሸለሻቸው፤ ተራገሙም። ቆየት ብሎ ተላመዳቸው። ወራት አልፈው ቫይረሱ እንደገና ከመሣሪያው ዓይን ተሰወረ፤ ደምመላሽም የዛሉ ቲ ሴሎች ሲያርፉ ይበረቱ እንደሆነ ማጥናት ጀመረ። እትዬ ፈንታነሽ ለዚህኛውም ደማቸውን ሰጡ።

ለገበያ ደብረ ታቦር የወረዱ ቀን ደግሞ ሳይጠሩ ላቦራቶሪው ድረስ መጡ። “እስቲ አሳየኝ እነሱን።” ደምመላሽ በቀለም የነከረውን የደማቸውን ጠብታ ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጎ፣ ወንበሩን ዝቅ አድርጎ አስቀመጣቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ።

“ክቦቹ? እነዚህ ሐምራዊዎቹ?”

“አዎ፣ ከነሱ ውስጥ ናቸው።”

“ወይ እናቴ! ይህችን ታክላለች?” ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሕዋሳቱን እንደ ጎረቤት ሰው፣ በለሆሳስ፣ “እግዜር ይስጣችሁ። በርቱ እንግዲህ” አሏቸው።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቧል። ነጠላቸውን አስተካከሉና ደምመላሽን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት።

“ከስተሃል። ምሳ በልተሃል?”