ጉንጭ የሚሞላው ኪኒን

ሪሃብ የሞጣ ልጅ ናት፤ ቢቸና ውስጥ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ታስተምራለች። አዲስ አበባ ማስተርሷን ስትማር ለአይጦች ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት እየሰጠች፣ ጅራታቸው ላይ የደም ግፊታቸውን ትለካ ነበር። መድኃኒቱ ሰውነት ራሱ ለሚያመነጨው ሆርሞን ሴል ውስጥ የተዘጋጀውን ተቀባይ ይይዝና ሴሉን ያለ ልክ ያዝዘዋል፤ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ "የአይጥ ሐኪም" እያለ ይስቅባት ነበር።

ባለፈው ዓመት እናቷ ደወሉላት። ለኒካሕ የምትዘጋጀው ታናሽ እህቷ መሪማ ራሷን አሟት ወድቃለች። ሪሃብ ባገኘችው ሚኒባስ ሞጣ ገባች። ክሊኒክ የተኛችው መሪማ ፊቷ አብጦ ክብ ሆኗል። ሪሃብ ግፊቷን ለካች፤ ማመን አቅቷት ደግማ ለካች።

"ምን እየወሰድሽ ነው?"

"የሚያወፍር ኪኒን። ከስተሻል ሲሉኝ መረረኝ። አጎታችን ናቸው የሰጡኝ።"

አጎታቸው አብዱልሐኪም ገበያው አጠገብ የሴቶች መዋቢያ ይሸጣሉ። ሪሃብ ሱቃቸው ገብታ፣ ስም እንኳ ያልተጻፈበትን በፌስታል የታሰረ ኪኒን ከመደርደሪያው አነሳች።

"ይህ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ?"

"ጉንጭ ይሞላል። ያልወሰደ የለም። እሷም አምሮባት ነበር።"

"የመሪማ ፊት ይናገራል፤ ዴክሳሜታዞን ነው፣ ግፊት ነው የሚያመጣው። አይጦቼ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እኛ አይጥ ነን እንዴ?"

"አይጦቹስ የሚለካላቸው ሰው ነበራቸው። መሪማን ማን ለካት?"

"ድምፅሽን ቀንሺ፤ ደንበኛ አለ።"

"ይስሙ እንጂ።" ዕቃ ወደሚመርጡት ሴቶች ዞረች። "ይህን የወሰዳችሁ በአንድ ጊዜ እንዳታቆሙ፤ ሰውነታችሁ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ትቷል። ሐኪም ዘንድ ሂዱ።"

ኪኒኑን ይዛ በቀጥታ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሱቁ ታሸገ። እናቷ "ወንድሜን አዋረድሽው" ብለው ለረጅም ጊዜ አኮረፏት። መሪማ በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን ቀስ በቀስ አቆመች። ግፊቷ ወረደ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፤ ዛሬም መድኃኒት ትወስዳለች። ሰርጓ ላይ አጎትየው ሪሃብን ሳያዩ አለፉ። እሷም አልተከተለቻቸውም።

ንዴቷ አልበረደም። ሰሞኑን ቢቸና ስታስተምር፣ ከፊት የተቀመጠችው የተማሪዋ የባንቺዓለም ጉንጮች ማበጣቸውን አየች። ትምህርቱን አቋርጣ ወደ ልጅቷ ሄደች።

"ኪኒኑን ማን ነው የሸጠልሽ?" አለቻት።